ያላየነው ሆስፒታል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ብርዱ ለቀቅ ማድረግ ሲጀምር ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋበት ምክንያት አለው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ እግሬ ረግጦት የማያውቀውን ሆስፒታል ለጠየቀኝ ሁሉ ሳስረዳ እኖራለሁ።

ስሞቹን ቀይሬያለሁ። የከተማዋንም ስም አልጽፍም፤ በካሪቢያን ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት ማለቱ ይበቃል። ባለታሪኳ እናት ማን እንደሆኑ ለማወቅም አትድከሙ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባለው የስደት ከተማችን ልጃቸው ዶክተር በሆነ ወይም ሊሆን ጥቂት በቀረው እናቶች የተሞላ ስለሆነ አትደርሱባቸውም።

የምኖረው ከዚያው ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ነው። ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። ባለቤቴ ገነት ሆቴል ትሠራለች። የጋብቻችንን በዓል መርከብ ላይ እናክብር ብላ ለወራት ስትወተውተኝ ኖራ በመጨረሻ እጄን ሰጠሁ። ከባልቲሞር ተነሥቶ ካሪቢያን ዞሮ የሚመለስ መርከብ ተገኘ። ቲኬት ተቆረጠ፤ ለእኔም አበባ አበባ ያለበት ቁምጣ ተገዛልኝ። መነሻችን ሲቃረብ የገነት ማናጀር ሰው አነሰኝ ብሎ ፈቃዷን ሰረዘው። ቲኬቱ አይመለስም፤ ስም መቀየር ግን ይቻላል ተባለ።

«እንግዲያው አክስቴ ይሂዱ» አለች ገነት። «መርከቡ ዶክተር ልጃቸው ያለበት ከተማ ይቆማል እኮ!»

እንዲህ ሆነና የጋብቻ በዓሌን ከሚስቴ አክስት ጋር ላከብር ተነሣሁ። መስኮት ያለውን ክፍል እሳቸው ወሰዱ። ለእኔ ተጨምሮ የተያዘው ክፍል ሻንጣ ካስገቡበት ሰው የማይገባበት፣ ሰው ከገባበት ሻንጣ የማይገባበት ነበር። ቁምጣዬን ግን ይዤ ሄድኩ።

የገነት አክስት እትዬ በላይነሽ ይባላሉ። ባላቸው በጊዜ ሞተውባቸው፣ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እየሠሩ አንድ ልጃቸውን ኤርሚያስን ብቻቸውን አሳድገዋል። ኤርሚያስ ዶክተር የሆነው ካሪቢያን ያለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት «ተቀብለንሃል» የሚል ኢሜይል የላከለት ዕለት ነው። ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር እናቱ «ዶክተር፣ ካልሲህን አንሣ» ይሉት ጀመር። ከዓመታት በኋላ ተመርቆ እዚያው ትልቅ ሆስፒታል ሥራ እንደያዘ ሰማን። ሥራ ስለሚበዛበት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቅ አይልም። እሳቸውም አይሄዱም፤ ከአዲስ አበባ ያመጣቸው አውሮፕላን የመጀመሪያቸውም የመጨረሻቸውም እንዲሆን ምለዋል።

እኔ በዚህ የዶክተር ነገር ስቀልድ ነው የኖርኩት። ማኅበር ላይ ወይ ልደት ላይ አንዷ እናት «የእኔ ዶክተር» ብላ ስትጀምር «የትኛው ክፍል ደረሰ?» እላለሁ፤ ገነት ጎኔን ትጎሽመኛለች።

ቀልድ ያልሆነው ነገር ሌላ ነው። እትዬ በላይነሽ ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር አለ። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ጎናቸውን ቀስፎ ሲይዛቸው ኢመርጀንሲ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሟ በኦፕሬሽን መውጣት እንዳለበት፣ ዛሬ ነገ ሲሉ ኢንፌክሽን ቢፈጠር ሕይወታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ነገረቻቸው። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። እትዬ በላይነሽ በትዕግሥት አዳምጠው፣

«ዶክተር ሳያየው ማንም ቢላ አያሳርፍብኝም በላት» አሉኝ።

አልኳት። ሴትዮዋ እሷ ራሷ ዶክተር መሆኗን በትሕትና ልታስረዳ ሞከረች።

«እሷን አላልኩም በላት» አሉኝ።

ልጃቸው በስልክ «አድርጊው እማዬ» ብሏቸዋል። እሱንም አልተቀበሉም። በስልክ ምን ይታያል? ቀርቦ ወረቀቱን ማየት አለበት። እንግዲህ የመርከብ ጉዞው ለእሳቸው መዝናኛ አልነበረም። ልጃቸው አይቶ ይውጣ ካለ ይወጣል፤ ካላለ ጠጠሩም እሳቸውም እንዳሉ ይቀመጣሉ።

ወሬው ማኅበርተኞቻቸው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ እኔ ላይ ሌላ ጉድ መጣ። ዶክተር ጋ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። አንዷ የጉልበቷን ራጅ ላከች። አንዷ የደም ምርመራ ውጤት። ላንግሊ ፓርክ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የኪኒን ብልቃጦቻቸውን በሙሉ ሰጡኝ፤ ባዶዎቹ ሳይቀሩ። አንዲት ወይዘሮ ምላሳቸውን አውጥተው በስልኬ ፎቶ አንሣኝ አሉ። ይህ ሁሉ አንድ ትልቅ ፌስታል ሞላ። ስሙን የበሽታ ፌስታል አልኩት፤ ተሸካሚው እኔ ነኝ።

እትዬ በላይነሽ በበኩላቸው ሴቨን ኮርነርስ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው ነጭ የሐኪም ጋውን አሠርተዋል። ደረቱ ላይ በሰማያዊ ክር የልጃቸው ስም ከነማዕረጉ ተጠልፎበታል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው። ከሩቅ ሆኖ ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚቸገር በሽተኛ አይኖርም።

መርከቡ ላይ ሰው ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይበላል። እትዬ በላይነሽ ቅባት ስለሚያማቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ በያዙት ድርቆሽ ሰነበቱ። ቀን ቀን ነጠላቸውን ለብሰው መዋኛው አጠገብ ይቀመጡና የሚዋኘውን ሰው በሐዘኔታ ያያሉ። እኔ ቁምጣዬን አንድ ቀን ብቻ ለብሼው ወጣሁ። «ምነው፣ ልብስህ ጠፋብህ?» አሉኝ። መልሼ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

በመጨረሻ ከተማዋ ደረስን። ወደቡ ላይ አስጎብኚዎች የእንግዶች ስም የተጻፈበት ካርቶን ከፍ አድርገው ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንድ ረጅም፣ አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ካርቶኑን ለጓደኛው ወርወር አድርጎለት ወደ እኛ ሮጠ። ኤርሚያስ ነበር። እናትና ልጅ ተቃቅፈው የወደቡን መተላለፊያ ዘጉት። ከኋላችን የነበሩት ፈረንጆች መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ቀጥሎ አጨበጨቡ፣ በመጨረሻ ሲሰለቻቸው በአጥር በኩል ዞረው አለፉ።

«ከስተሃል» አሉ እትዬ በላይነሽ። ዓይናቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ጋውኑን አወጡ። «ልበስልኝ እስኪ።»

«እማዬ፣ ዛሬ ኦፍ ነኝ እኮ።»

«ልበስ።»

ለበሰ። ሙቀቱ ላብ በላብ እያደረገን፣ ቁምጣና ሰንደል ጫማ ላይ ነጭ ጋውን ደረበ። ጓደኞቹ አስጎብኚዎች አዩትና ሣቃቸውን ሊይዙ አልቻሉም። «ዶክ! ሄይ ዶክ!» እያሉ ጮኹ።

እትዬ በላይነሽ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰማህ? አገሩ ሁሉ ነው የሚያውቀው» አሉኝ።

ኤርሚያስ ከተማዋን ሊያዞረን ቃል ገብቶ ነበር። «ፕራይቬት ቱር ነው፣ ጋሽ ሙሉጌታ፤ ሁለታችሁ ብቻ» አለኝ። መኪናው በሩና መስኮቱ ክፍት የሆነ ጎልፍ ካርት ነው። የሆስፒታሉ እንደሆነ ነገረን። የሆስፒታሉ መኪና ጎን ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገች ኤሊ ተሥላለች፤ አንድ እጇ ላይ ብርጭቆ ይዛለች። የሕጻናት ክፍል መኪና ይሆናል ብዬ ተሳፈርኩ።

ከመነሣታችን በፊት ዞር ብሎ ቆጠረን። በጣቱ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ሁለት ነበርን፤ ሁለት ሆነን ተገኘን።

ያኔ ነው አንድ ነገር ጫር ያደረገኝ። እኔም ሥራዬ ሰው ማመላለስ ነው። ለብዙ ዓመት ሰው የጫነ ሰው አንድም መንገደኛ ቢሆን ሳይቆጥር አይነሣም። ሐኪም ግን ለምን ይቆጥራል?

ከተማዋ ቆንጆ ናት። የእንጨት ቤቶቿ ቢጫና ሰማያዊ ተቀብተዋል። ዶሮ በየመንገዱ እንደልቡ ይሄዳል፤ መኪናው ነው የሚቆምለት። አውሎ ነፋስ ጣሪያዋን የወሰደባት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ሕዝቡ ጃንጥላ ይዞ ነው አሉ የሚያስቀድሰው። ኤርሚያስ ይህን ሁሉ እየዞረ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያስረዳል። ቀልድ ከነገረን በኋላ እስክንስቅ ትንሽ ይጠብቃል። ፎቶ የሚነሣበት ቦታ ስንደርስ ካርቱን ዞር ያደርግና ፀሐይ ፊታችን ላይ በደንብ እንድታርፍ አድርጎ ያቆመዋል። የዓሣ ገበያው ጋ እናቱ የአንዱን ዓሣ ስም ሲጠይቁት፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው!» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

ይቺን አውቃታለሁ። እኔም ቫኔ ውስጥ መንገደኛ ስለማላውቀው ሐውልት ሲጠይቀኝ «ጥሩ ጥያቄ ነው» እላለሁ፤ መልሱን እስክፈጥር ጊዜ ትሰጠኛለች።

«ሆስፒታሉስ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ወደዚያ ነው የምንሄደው እማዬ።»

በሌላ መንገድ ዞርንና ቤተ ክርስቲያኗን ከኋላ በኩል አየናት። ትንሽ ቆይተን በጎን በኩል አየናት። ጣሪያ እንደሌላት አሁን በሚገባ ተረድተናል።

«ሆስፒታሉስ፣ ዶክተር?»

«ደርሰናል፣ ደርሰናል። መጀመሪያ ኮኮነት ጠጡ።»

ኮኮነት ሻጩ ጥላ ሥር እትዬ በላይነሽ የበሽታ ፌስታሉን ከእጄ ተቀብለው ዘረገፉት። ኤርሚያስ ራጁን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየ። «ለሐኪሟ ታሳይ» አለ። የደም ውጤቱን አየ። «ለሐኪሟ ታሳይ።» ብልቃጦቹን አገላበጠ። «ባዶዎቹን ይጣሉ» አለ፤ ያየሁት ብቸኛ ሕክምና ይህ ነው። የምላሱን ፎቶ ሳሳየው ዓይኑን ጨፈነ። እናቱ ግን በልጃቸው ኮሩ።

«ትልቅ ሐኪም ብዙ አይናገርም» አሉኝ በሹክሹክታ።

የራሳቸውን ፖስታ ግን አላወጡም። «የእኔን ሆስፒታሉ ስንገባ፣ ቢሮህ ተቀምጠህ ታየዋለህ» አሉ።

የኤርሚያስ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ቀጥሎ የወሰደን ከባሕሩ በላይ ወዳለ አሮጌ ምሽግ ነው። እናቱን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጣቸውና «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ና መድፉን ላሳይህ» አለኝ። መድፉ ዘንድ ስንደርስ መድፉን አላሳየኝም።

«ጋሼ፣ ሆስፒታሉ…»

«የለም?»

«ሆስፒታሉ አለ። እኔ ነኝ የሌለሁት።»

እውነቱን ነገረኝ። ትልቁን ፈተና ፌል አደረገ፤ ደግሞ ወሰደው፣ ደግሞ ፌል አደረገ። ትምህርት ቤቱ አሰናበተው። ወደ ቤት የሚመለስበት ፊት ስላጣ ለጥቂት ጊዜ ብሎ አስጎብኚ ሆነ። ከዚያ ሥራውን ወደደው። ኤሊዋን የሣላት እሱ ነው፤ ካርቱም የራሱ ነው። ይህን ሲነግረኝ ትንሽ ደረቱን ነፋ፤ ወዲያው ጋውን መልበሱን አስታወሰና ሟሸሸ።

«ታዲያ እስካሁን እንዴት አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«እንዴት ልንገራት? ኮል ባደረግኩ ቁጥር ስፒከር ላይ ነው የምታደርገኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። 'ዶክተር ነው፣ ዶክተር ነው፣ ዝም በሉ' ትላለች። አንዷ ስለ ወገቧ ትጠይቀኛለች፣ አንዷ ስለ ደም ግፊቷ። ማን አለ ለብቻዋ የሚያስነግረኝ?»

ተናደድኩ። ከልቤ ነው የተናደድኩት። «እናትህ የያዛቸው ነገር እኮ ሊገድላቸው ይችላል! ያንተን ቃል ነው የሚጠብቁት። አሁን ሐኪም አይደለሁም ስትላቸው ማንን ሊያምኑ ነው?»

«አውቃለሁ። ከነገርኳት ኦፕሬሽኑን አትገባም። ካልነገርኳት ደግሞ… ጋሼ፣ እኔ እኮ እናቴን በውሸት ላክም ነው። እንዴት አድርጌ?»

እኔም ብስለቴን ሁሉ አሰባስቤ መድፉን አየሁ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩት።

ስንመለስ እትዬ በላይነሽ ጎናቸውን ይዘው ጎንበስ ብለዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ምንም አይደል፣ ኮኮነቱ ነው» አሉ፤ ኮኮነቱን ግን አልጠጡትም፣ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ኤርሚያስ ደንግጦ ተንበረከከ። እጃቸውን ያዘ፤ ቀስ ብለው እንዲተነፍሱ ነገራቸው፤ ትኩሳት ይኖራቸው እንደሆነ ግንባራቸውን ዳሰሰ። ሁሉንም ያደረገው ልጅ ለእናቱ እንደሚያደርገው ነው። ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። እኔ በዚህ መሐል የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ የማላውቀውን ጀምሬ ነበር።

በካርቱ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድንና ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር ላይ አስቀመጥናቸው። ኤርሚያስ ጋውኑን አወለቀና አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

እትዬ በላይነሽ አላዩትም። እጃቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው የራሳቸውን ፖስታ አወጡ።

«ልበሰው» አሉት።

«መጀመሪያ ስሚኝ…»

«መጀመሪያ ልበሰው። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ለበሰው። ወረቀቱን ተቀበለ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ገልብጦ እንደገና አነበበ።

«ምን ይላል?»

«ይውጣ ይላል።»

«እሱንማ እዚያም ብለውኛል። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔም ይውጣ እላለሁ። እማዬ፣ ፕሊስ። ቤት እንደገባሽ አፖይንትመንት አስይዢ። አትቆዪ። አንቺን ካጣሁ እኔ ማንም የለኝም።» ይህን ብሎ በአዲሱ ጋውን እጅጌ ዓይኑን ሸፈነ።

ስንት ሐኪም በቫኔ አመላልሻለሁ፤ እያለቀሰ የሚያዝዝ ሐኪም ግን አይቼ አላውቅም።

እትዬ በላይነሽ በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት። «በቃ» አሉ። «አንተ ካልክ ይወጣል።»

«እማዬ፣ ሌላም የምነግርሽ…»

«ሌላውን ተወው።»

ኤርሚያስ ተነሥቶ ካርቱን አስነሣ። ተስፋ በቆረጠ ሰው ድምፅ «እሺ፣ ሆስፒታሉ ከዚህ ቅርብ ነው፤ ላሳይሽ» አለ።

«የለም፣ መርከቡ ያመልጠናል» አሉ እናቱ።

መርከቡ ከፊታችን ታስሮ ቆሟል። እስኪነሣ ገና ብዙ ጊዜ ነበረን። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ በላይነሽ እግሬን ረገጡኝ። ሳያውቁ ነው ብዬ ነበር፤ ቀና ስል ግን ዓይኔን እያዩ ነው።

«ይልቅ» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ያንን የዓሣ ገበያ ደግመህ አሳየኝ። ቅድም ደኅና አድርገህ ነው ያስረዳኸኝ።»

ወሰደን። ጋውኑን አውልቆ መቀመጫው ላይ ጣለው፤ ይህን ጊዜ ልበሰው አላሉትም። ዓሣ አጥማጆቹን በስማቸው እየጠራ አስተዋወቃቸው። የትኛው ጀልባ አውሎ ነፋሱን እንዳመለጠ፣ የትኛው ደግሞ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ እንደተገኘ ነገራቸው። ቀልድ ሲናገር ሣቁለት፤ ዓሣ አጥማጆቹም አብረው ሣቁ። እኔ ኋላ ተቀምጬ ዕድሜዬን በሙሉ የሰማሁትን የአስጎብኚ ወሬ ሁሉ አሰብኩ። እንደ ልጁ የሚያምር አልሰማሁም። እውነቴን ነው።

ወደቡ ላይ ተሰነባበቱ። አለቀሱ፣ መረቁት። መርከቡ ላይ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ በማግሥቱ «ሆስፒታሉን ሳናየው ቀረን፣ እትዬ» አልኳቸው፤ ምን እንደሚሉ ልሰማ ነው። ድርቆሻቸውን እየበሉ፣ «ሆስፒታል መቼ ጠፋ?» አሉኝ።

ቃላቸውን ግን ጠበቁ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደደረሱ ቀጠሮ አስያዙ፤ ኦፕሬሽኑም ተደረገላቸው። ሐኪሟ ከዚህ በላይ ቢቆዩ አደጋ ነበር ብላ ነገረችን። እሳቸው ገና ከማደንዘዣው ሳይነቁ ገነት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም ውኃ ልጠጣ ብዬ ዞር አልኩ።

ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው በተኙ ጊዜ ማኅበርተኞቹ ጁስና ፍራፍሬ ይዘው መጡ። ባለጉልበቷም፣ ባለምላሷም ነበሩ። ገና ሳይቀመጡ ስለ ዶክተር ጠየቁ።

እትዬ በላይነሽ ትራስ ደገፍ አሉና ጀመሩ። «ኦፕሬሽኑን ያዘዘው እሱ ነው» አሉ። «ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።» ከዚያ ሆስፒታሉን ገለጹላቸው። ፎቁ ብዙ ነው። መስኮቱ ሁሉ ወደ ባሕር ነው። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ወለሉ መልክ ያሳያል። ዶክተር ሲገባ ነርሶቹ ብድግ ይላሉ። ቢሮው ውስጥ የእናቱ ፎቶ አለ። የራሱ መኪናም ሰጥተውታል።

እኔ ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሙሉጌታን ጠይቁት፤ አብሮኝ ነበር» አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ በላይነሽም አዩኝ። የኮሩ እናት ፊት አልነበረም። እንዲህ የሚለማመጡ ዓይኖች ከእሳቸው አይቼ አላውቅም።

«ጥሩ ሆስፒታል ነው» አልኩ። «ሊፍቱ ብቻ ትንሽ ይዘገያል።»

ሁሉም አመኑ። ሊፍት የሚዘገይበት ሆስፒታል ውሸት ሊሆን አይችልም። ባለጉልበቷ «እሱስ የእኛም ጋ ይዘገያል» አለች።

እንግዶቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ ገነት ልትሸኛቸው ወረደች፤ እኔ ሾርባ ላሞቅ ወጥ ቤት ገባሁ። ስልክ ተደወለ። ኤርሚያስ ነበር። እትዬ በላይነሽ ስፒከሩን አጠፉና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ እንዲህ ሲያደርጉ ማየቴ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

«ደኅና ነኝ የኔ ጌታ» አሉት። ዶክተር አላሉትም። «አንተስ? ያ መኪናህ ግልጽ ነው፤ ፀሐይ ላይ ስትውል ባርኔጣ አድርግ። ውኃ ያዝ። ቁርስህን ሳትበላ እንግዶቹን እንዳትጭን።» ከዚያ አዳመጡት። «አውቃለሁ» አሉት። «አውቃለሁ፤ አታልቅስ።»

ቀና ሲሉ በሩ ላይ ቆሜ አዩኝ። ስልኩን ዘግተው «ምን ታየኛለህ፣ ሾርባው እንዳይገነፍል እየው» አሉኝ።

አሁንም ሰው ስለ ሆስፒታሉ ይጠይቀኛል። በቅርቡ ፓርኪንግ ጨምሬበታለሁ። ውሸት አልወድም፤ በዚህኛው ግን አንድም ቀን አፍሬበት አላውቅም። እትዬ በላይነሽ ልጃቸው ሐኪም እንዳልሆነ እያወቁ በእሱ ቃል ብቻ ቢላ ሥር ተኙ። ስለ ዶክተር እናቶች መቀለድ ከዚያ ወዲህ ፈጽሞ አልሆነልኝም። ይህን ጽሑፍም የጀመርኩት ልቀልድባቸው ነበር።